ምድር ቤቱን ሊቀብር የመጣ ድንጋይ

አብዱልዋሂድ ድንጋዩን ያስራገፈው ሰኔ በገባ በአራተኛው ቀን ነው። ገልባጭ መኪናው በኋላ ማርሽ እያቃሰተ ወደ ግቢያችን ገባና ጭነቱን ከአጥሩ ሥር አፈሰሰው። ጩኸቱ ሲበርድ እህቱ ነጅዋ መቀሷን እንደያዘች ከምድር ቤቷ ወጣች፤ ቆማ አየችውና ተመልሳ ገባች። ድንጋዩ ለምን እንደመጣ አልጠየቀችም። ምን ሊሞላበት እንደመጣ ቤተሰቡም ጎረቤቱም እኔም እናውቅ ነበር።

በላቸው እባላለሁ። የቢቸና ሰው ነኝ፤ ሞጣ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር ጡረታ ወጣሁ። በዚሁ ግቢ ጓሮ ካለችው አንዲት ክፍል ተከራይቼ አሥራ ስድስት ክረምት አሳልፌአለሁ። ስለ ነጅዋ የምጽፈው ጎረቤቴ ስለሆነች ብቻ አይደለም። በነገሩ ውስጥ እኔም ያጠፋሁት ጥፋት አለ፤ ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራብኝ እኔው ቀጥ አድርጌ ባወራው ይሻለኛል።

መጀመሪያ ቤቱን ላስረዳ። የነጅዋ አባት ሐጂ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የሞጣ ነጋዴ ነበሩ። ቤታቸውን የሠሩት ተዳፋት ላይ ነው። ከመንገድ ሲገቡ ሱቁ አለ፤ ከሱቁ ወለል ሥር ደግሞ መሬቱን ቆርጠው ያወጡት ሰፊ ምድር ቤት አለ። በሩ ወደ ታች፣ ወደ ጓሮው ይከፈታል። ብርሃን የሚያገኘው በጎን ካለው አንድ መስኮት ነው። ሐጂ ቆዳ ያጠራቅሙበት ነበር። እሳቸው ሲያልፉ ሱቁ ለታላቁ ልጅ ለአብዱልዋሂድ ሆነ። ነጅዋ በዚያን ጊዜ ቢቸና ተድራ ከባሏ ጋር ጨርቅ ትሸጥ ነበርና ስለ ምድር ቤቱ ማንም ምንም አላነሳም።

ባሏ በድንገት ሲሞትባት ልጇን ሳብሪያን በጎኗ፣ የስፌት መኪናዋን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አድርጋ ወደ ሞጣ ተመለሰች። አሥራ አራት ዓመት ሆነው። አብዱልዋሂድ ክፉ ሰው አይደለም። ሲቆጣ ድምፁ እስከ መናኸሪያ ይሰማል እንጂ ልቡ ሩቅ አይሄድም። «ምድር ቤቱ አለልሽ» አላት። የቆዳው ሽታ ግን ሰው የሚያስቆም አልነበረም። አንድ በጋ ሙሉ ወለሉን በአመድ እያሸች፣ ግድግዳውን በኖራ እየቀባች፣ በሩን ከፍታ ነፋስ እያስገባች ሽታውን አስለቀቀችው። ከዚያ በኋላ አንዱ መኪና ሦስት ሆነ፤ ሀሲናና አምሳለች አብረዋት መስፋት ጀመሩ። ሁለቱም ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያች ክፍል ሥራ ነው። ዛሬ መስከረም ሲጠባ በመንገዳችን የሚያልፈው ተማሪ የለበሰው ዩኒፎርም አብዛኛው ከዚያች ክፍል የወጣ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዩኒፎርም የሚሰፋው በክረምት ነው፤ ውሃውም የሚመጣው በክረምት።

መጀመሪያ ግድግዳው ላይ እርጥበት ታየ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ማንም ቁብ አልሰጠውም። ካቻምና ነሐሴ ላይ ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ ገባ። ሀሲና ጨርቁን ለማዳን ልትሮጥ ስትል ነጅዋ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። «ቆዪ! መጀመሪያ ቆጣሪው ይጥፋ። ጨርቅ ይገዛል» አለቻትና ደጅ ካለው ቆጣሪ መብራቱን ራሷ አጠፋች። ከዚያ በባልዲና በጀሪካን መቅዳት ሆነ። እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ ቀዳሁ። የቀዳነውን በሩ አጠገብ እንደፋዋለን፣ በሌላ በኩል ተመልሶ ይገባል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ያኔ ገባኝ።

አምና እኔ በሊቅነቴ ገባሁበት። «ግድግዳውን ከውስጥ በሲሚንቶ ሁለት እጅ አስለስኚው፤ ከላዩ ውሃ የማያሳልፍ ቀለም ይቀባ» አልኳት። ስለ ግፊት፣ ስለ ጥግግት አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሞላ ገለጻ አደረግሁ። አመነችኝ። አስለሰነች፣ አስቀባች። ሐምሌ ላይ ልስኑ እዚህም እዚያም ማበጥ ጀመረ። ነሐሴ ላይ አንድ ግድግዳ የሚያህል ልስን ተገምሶ ተሰፍተው በተደረደሩ የሴት ተማሪ ጉርዶች ላይ ወደቀ፤ ከኋላው ጭቃ ውሃ ተከትሎ ገባ። ነጅዋና ሴቶቹ መስከረም እስኪጠባ ድረስ ጉርድ እንደገና ሲሰፉ ከረሙ። እኔ አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት ስለ ውሃ ግፊት ያስተማርኩ ሰው፣ ውሃው ከግድግዳው በስተኋላ ተከማችቶ እንደሚገፋ ረስቼ ፊቱን ብቻ ሸፍኜለት ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ብሄድ ከጭቃው ውስጥ ቀና ብላ አየችኝና «መምህር፣ ፈተናው የከበደዎት መሰለኝ» አለች። ከመሳደብ የባሰ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ገና በግንቦት መጨረሻ፣ በአንድ ዝናብ፣ እንደገና ገባ። አብዱልዋሂድ ከሱቁ ወርዶ ውሃውን አየና ወሰነ።

«በቃ!» አላት። «የቤቱ ሥር እየበሰበሰ ነው። ነገ ሱቁም ይዞኝ ይወርዳል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። በድንጋይ ሞልቼ እገላገለዋለሁ። ላንቺ ከሱቁ ጥግ አንድ መኪና የምታስቀምጪበት ቦታ እሰጥሻለሁ።»

አንድ መኪና ማለት ሀሲናና አምሳለች ሥራ የላቸውም ማለት ነው። ነጅዋ ግን ይህን አላነሳችበትም። «ጋሼ፣ ይህን ክረምት ይስጡኝ» አለች። «በዚህ ክረምት አንድ ጠብታ ውሃ እዚህ ከገባ፣ ድንጋዩን እኔ ራሴ አቀብልዎታለሁ።»

«አንድ ጠብታ?»

«አንድ ጠብታ።»

ሳቀ፤ ተስማማም። ድንጋዩን ግን ሳይውል ሳያድር አስመጣው። «ምስክር ይሁን» አለ።

እውነቱን ልናገር፣ ነጅዋ ያን ቃል ስትሰጥ ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር። እኔ ደግሞ አፌን ዘግቼ ነበር፤ ምክሬን የሚፈልግም አልነበረም።

መፍትሔው በእግሩ መጣ። ባምላኩ የሚባል የጉንደ ወይን ገበሬ ልጁን መክሊትን ሞጣ ሊያስተምር አስቦ ዩኒፎርም ሊያስለካት ይዟት መጣ። ልጅቷ ስትለካ እሱ ደጅ ሆኖ ግቢውን ያይ ጀመር። ገበሬ መሬት ሲያይ እኛ ሰው እንደምናይ ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃል። ነጅዋ ስትወጣ «እቴ፣ ይህ ቤት ፈሰስ የለውም?» አላት።

ፈሰስ ማለት ገበሬ ክረምት ሲገባ ማሳውን ሰያፍ አርሶ ውሃውን ወደ ዳር የሚያወጣበት ቦይ ነው። ነጅዋ የነጋዴ ልጅ ናት፤ ቃሉን ታውቀዋለች እንጂ ነገሩን አታውቀውም። «ቤት ምን ፈሰስ አለው?» አለችው።

«እኛኮ ገደል አፋፍ ላይ እያረስን የምንኖር በፈሰስ ነው። ጤፍ ለምትባል ቅንጣት እንኳ ውሃ እንመልሳለን። እናንተ ይህን የሚያህል ቤት ሠርታችሁ ውሃውን ወደ ግድግዳው ትመሩታላችሁ?»

«ማን መራው?» አለች ነጅዋ፤ ትንሽ ቆጣ ብላ።

ባምላኩ በሩ አጠገብ የነበረውን ውሃ ያለበት ጀሪካን አንስቶ፣ ከጎኑ መስኮት ሦስት እርምጃ ርቆ ቀስ ብሎ አፈሰሰው። ውሃው አላመነታም። እንደ ታዘዘ ሰው ቀጥ ብሎ ሄዶ ግድግዳው ሥር ገባ።

ነጅዋ ሄዳ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረው። ወደ እኔ ዞራ «መምህር፣ ልጅ ሆኜ እዚህ ደፍ ላይ ስቀመጥ እግሬ ይንጠለጠል ነበር፤ መሬት አይነካም ነበር» አለች። «ሰው ያድጋል፣ መስኮት ይወርዳል እንዴ?»

መስኮቱ አልወረደም። መሬቱ ነው የወጣው፤ ያወጣችውም ራሷ ነጅዋ ናት። በሞጣም በቢቸናም ግቢው ጭቃ ሆኖ እንግዳ የሚቀበል ሰው ያፍራል። ስለዚህ በዓል ሲቀርብ ወይም ትልቅ ድግስ ሲኖር ገረጋንቲ የሚባለው ጠጠራማ አፈር ይመጣል፣ ግቢው ላይ ይበተናል፣ ይጠቀጠቃል። ነጅዋ በዚህ ስመ ጥር ነበረች። አረፋ ሲደርስ የእሷ ግቢ ቀድሞ ያምራል፤ እኔም «እንደ ምንጣፍ ነው» እያልኩ አሞግሳት ነበር። የአምናውን ጠርጎ የዘንድሮውን የሚያለብስ ግን የለም፤ በላዩ ላይ ነው የሚጨመረው። አሥራ አራት ዓመት በላይ በላዩ ሲጨመር ግቢው ከመስኮቱ እኩል ሆነ፤ ወደ ግድግዳውም አዘነበለ።

በማግስቱ ጠዋት ነጅዋ ዶማና አካፋ አስመጣች። ሀሲና፣ አምሳለች፣ እኔና ሁለት የቀን ሠራተኞች ጀመርን። ከግድግዳው ሥር ስንቆፍር መሬቱ እንደ ተነባበረ የጨርቅ ጣቃ መስመር መስመር ሆኖ ወጣ፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ አመድማ። ነጅዋ ጎንበስ ብላ አየችውና ታውቃቸው ጀመር።

«ይህ ቀዩ የሳብሪያ ሰርግ ጊዜ ነው» አለች። ዝቅ ብሎ «ይህ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስታልፍ ነው፤ ሰው ሞልቶ ነበር። ይህ የመጀመሪያውን ዩኒፎርም የተረከብኩ ዓመት።» ከሁሉም በታች፣ አባቷ ከሠሩት የድንጋይ ደረጃ በላይ፣ ጥቁር ደቃቅ ጠጠር ነበር። ከቢቸና የተመለሰች ጊዜ፣ ለቅሶ ሊደርሷት ለመጣው ሰው ድንኳን የተተከለበት ነው። እኔም አስታወስኩት፤ ያን ቀን ጭቃው ያስቸግር ነበር። ዶማውን ከሠራተኛው እጅ ተቀብላ ያችን ንብርብር ብቻዋን አነሳችው። አለቀሰች። አልደበቀችንም፣ እኛም ዝም በይ አላልናትም። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «ይህን ሁሉ ዓመት ደስታዬንም ሐዘኔንም ግድግዳዬ ላይ ነው ስከምር የኖርኩት» አለች። ቀጥላም አፈሩ በየት እንደሚወጣ ማዘዝ ጀመረች።

ፈሰሱ ቀጣዩ ነገር ነበር። ባምላኩ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አስጠንቅቋት ነበር፦ «ፈሰስ ሲወጣ መግቢያው አያስቸግርም፤ መውጫው ነው የሚያጣላ። በአገራችን በፈሰስ የተካሰሰ ብዙ ነው።» ውሃው መውጣት የሚችለው በወይዘሮ ጥሩአየሁ አጥር ጥግ፣ በጌሾ ተክላቸው በኩል ወደ መንገዱ ቦይ ብቻ ነው። ጥሩአየሁ ከግቢያችን በታች የሚኖሩ፣ ቃላቸው እንደ ሚዛን የሆነ አሮጊት ናቸው። ነጅዋ ለፈሰሱ አንድ ዶማ ሳታነሳ ሄደች፤ እኔም ተከትያት ሄድኩ።

«እማማ፣ ውሃዬን በደጅዎ ላሳልፍ መጣሁ» አለቻቸው።

«ያንቺ ውሃ ነው የኔን ጌሾ ሥሩን የሚያጥበው?»

«ቦዩን በድንጋይ እገነባዋለሁ። ከመስመር አይወጣም። አንድ ሥር ካጠበ በኔ ይሁን።»

አሮጊቷ «እስላም ሆነሽ ጌሾ ልትጠብቂልኝ?» አሉና ሳቁ።

«እኔ ሥሩን ነው የምጠብቀው፤ ቅጠሉን እርስዎና አምላክዎ ይወቁት» አለች። እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ፤ ፈቀዱም።

ድንጋይ ተባለ እንግዲህ። ድንጋይ ከየት ይምጣ? አጥሩ ሥር አንድ መኪና ሙሉ ድንጋይ ተቀምጧል። አብዱልዋሂድ ለሱቁ ጨርቅ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ነጅዋ ክምሩን ዞረችው፣ እጇን አሳረፈችበት፣ «ሀሲና፣ ከትልልቆቹ ጀምሪ» አለች። በአራት ቀን ውስጥ ፈሰሱ ከግቢው ራስ ተነስቶ፣ ከግድግዳው ርቆ፣ ሰያፍ ወርዶ፣ በጌሾው ጥግ ወደ መንገዱ ቦይ ገባ። የመስኮቱ ደፍ እንደ ድሮው ከመሬት ከፍ አለ። ምድር ቤቱ ውስጥም መደርደሪያዎቹ ብሎኬት ላይ ወጡ፤ የመብራት ማከፋፈያዎቹ ወለል ላይ መጋደም ቀርቶ ግድግዳው ላይ ከፍ ብለው ታሰሩ።

አብዱልዋሂድ ሲመለስ የክምሩ ግማሽ የለም። ጩኸቱ መናኸሪያ ደረሰ። «ምስክሬን ለምን ነካሽ!»

«ጋሼ፣ ምስክር ደጅ ተቀምጦ ምን ይሠራል? ገብቶ ይመስክር ብዬ ነው» አለችው። የቀሩት ሴቶች ፊታቸውን ጨርቅ ውስጥ ቀበሩ። አብዱልዋሂድ ፈሰሱን በእግሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረገና ወደ ሱቁ ወጣ።

ሁሉም ነገር በአንዴ ሰመረ ብዬ አልዋሽም። በሐምሌ መጀመሪያ አንድ መካከለኛ ዝናብ ጣለና ፈሰሱ ከመሐሉ ላይ መቦርቦር ጀመረ፤ ቁልቁል አብዝተንበታል። ውሃው ምድር ቤቱ አልደረሰም፤ ነገር ግን አንድ ቀን ሙሉ ቢዘንብ ኖሮ ይደርስ ነበር። ነጅዋ የዚያን ዕለት ሥራ አቁማ ያን ክፍል አፈረሰችው፣ አጋድማ እንደገና አስኬደችው። በየክንዱ ትላልቅ ድንጋይ እየጣለች የውሃውን ሩጫ ሰበረችው። እኔ ገመድና ውሃ ልክ ይዤ ረዳኋት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፊዚክስ ያን ቀን ጠቀመ። ከዚያም የጣሪያውን አሸንዳ ከጎንና ከኋላ አስቀየረች፤ ውሃው ግድግዳ ሥር መውረዱ ቀርቶ በቧንቧ ፈሰሱ ውስጥ እንዲገባ ሆነ። የፊቱን አሸንዳ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሞልቶት ነበር። «ጋሼ፣ አብረን እናስጠርገው» አለችው።

«የፊቱ ምን ሆነ? ውሃ የሚያጠቃው ያንቺን ነው» አለ አብዱልዋሂድ።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ በጮቄ በኩል ጠቆረ። እስከዚያ ቀን ያስለመደን ዝናብ ይህ አልነበረም። መጀመሪያ በረዶ ጣለ፤ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ አጠገብህ ያለውን ሰው አትሰማውም። ቀጥሎ ውሃው ወረደ። እኔ ከክፍሌ በር ላይ ቆሜ መንገዱ ወንዝ ሲሆን፣ ከላይ ያሉት ግቢዎች ውሃቸውን ሲለቁብን አየሁ። ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ምድር ቤቱ ሮጥኩ።

ሦስቱም ሴቶች ይሰፋሉ። ነጅዋ እግሯ መርገጫው ላይ፣ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። በመስኮቱ ፈሰሱ ይታያል። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ቅርፊትና ቅጠል ተሸክሞ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይሮጣል። እስከ አፉ ነው፤ ከአፉ ግን አልወጣም። በሰያፉ ወርዶ፣ በድንጋዩ ላይ እየተሰበረ፣ የጥሩአየሁን ጌሾ በአክብሮት አልፎ ወደ መንገዱ ይወጣል። አምሳለች «እመቤቴ!» ትላለች፣ ሀሲና «ሱብሃነላህ!» ትላለች፤ መኪኖቹ አላቆሙም። እኔ ጎንበስ ብዬ መዳፌን ወለሉ ላይ አሳረፍኩ። ደረቅ ነው። የግድግዳውን ሥር ዳሰስኩ። ደረቅ ነው። ሽማግሌ ነኝ፣ ማልቀስ አይከብደኝም፤ አለቀስኩ።

ዝናቡ አንድ ሰዓት ያህል ወረደ። ሲያባራ ከላይ የሚረብሽ ድምፅ ሰማን፤ የሚንከባለል ነገር፣ የሳፋ ድምፅ፣ የአብዱልዋሂድ ጩኸት። የፊቱ አሸንዳ በቅጠል ታፍኖ ሞልቶ ኖሯል። ውሃው መውጫ ሲያጣ በቆርቆሮው ሥር ወደ ኋላ ተመልሶ ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ፣ ከኮርኒሱ መደርደሪያው ላይ፣ ከአዲስ አበባ ባመጣቸው ጣቃዎች ላይ ይንጠባጠባል።

ብዙም ሳይቆይ የምድር ቤቱ በር ላይ ጥላ ወደቀ። አብዱልዋሂድ ነው። በሁለት ትከሻው ሁለት ጣቃ ተሸክሟል፤ ከፀጉሩ ውሃ ይወርዳል፤ ጫማው በየእርምጃው ያንቋርራል። ወለሉን አየ። ግድግዳውን አየ። የሚሮጡትን መኪኖች አየ። ያን ትልቅ ድምፁን ያን ቀን አላገኘውም።

«ነጅዋ» አለ፤ «ደረቅ ቦታ አለሽ?»

ነጅዋ መኪናዋን አቆመች። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ሽታ ያለበት ክፍል በተሰጣት ቀን የነበራትን ፊት አስታውሳለሁ፤ አሁን ያየሁት ሌላ ፊት ነው። ብድግ ብላ መንገድ ሊለቅቁለት የተነሱትን ሴቶች በእጇ አስቆመችና በሩ ላይ ሄዳ ቆመች።

«መቼ ጠፍቶ ጋሼ፣ ሞልቶ!» አለችው። «ግን እዚያው ይቁሙ። ጫማዎን ያውልቁ፣ ፀጉርዎንም ይጥረጉ። በዚህ ክረምት አንድ ጠብታ ውሃ እዚህ ከገባ ቤቱ በድንጋይ ይሞላል ተብያለሁ።»

አብዱልዋሂድ ጣቃዎቹን ለአምሳለች አቀበላት። በሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ፤ ሀሲና ባቀበለችው ጨርቅ ራሱን ጠረገ፤ በባዶ እግሩም ገባ።